የድስት ጥላሸት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አራዳ ባለው፣ እኔ በማጸዳው አዳራሽ ያንን የጌታና የባሪያ የድሮ ቲያትር እንደገና ሊያሳዩት ነው። እናቴ በሰው ቤት ባሪያ ነበረች። በስተርጅና ፊደል ስለቆጠርኩ ድርሰቱን እየተንተባተብኩም ቢሆን ጨረስኩት። የድርሰቱ ባሪያ አነጋገር ቁርጥ የእናቴ ነው። ዛሬ አዘጋጁን፣ "ባሪያዋን እኔ ልሁን፤ ቃሏን በሙሉ ይዤዋለሁ" አልኩት።

"እማማ ዘነቡ፣ ተዋናይት አለችን እኮ" አለ እየሳቀ።

"ምነው፣ እሷማ ቀይ ናት!"

"ጥላሸት እንቀባታለን። እርስዎ በእንጨት አይደል የሚያበስሉት? ነገ ትንሽ ይዘውልን ይምጡ።"

ተዋናይቷም ቀበል አድርጋ፣ "እማማ፣ የሚለቀውን ያምጡልኝ፤ እንዲህ ሆኜ ብቀር ማን ያገባኛል?" አለች። ሁሉም ሳቁ።

ቀጥለው ጌታ ፊት እንዴት ተደግድጎ እጅ እንደሚነሳ ያሳዩዋት አሉኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ጎንበስ አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቤቴ ገብቼ ግን የድስቱን ቂጥ ፋቅሁ፤ ጥላሸቱን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እየፋቅሁ ሳለሁ የባሪያዋን ቃል ጮክ ብዬ እል ነበር። አንድም አልሳትኩ።