ሦስት ስም እስከ ዓርብ

ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ የሚሰናበቱ ሦስት ለቃሚዎችን ስም ስጪኝ አለ። ቡናው ለጭነት መድረስ አለበት፣ ለቀማው ግን እየተጎተተ ነው። «በዕድሜ የገፉትን ታውቂያቸዋለሽ። እስከ ዓርብ ጽፈሽ አምጪ።» እሺ አልኩ። ምን ልበል? የመጋዘኑ ካቦ እኔ ነኝ፣ ሰባት ዓመቴ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጥቁሩንና የተበሳውን ፍሬ ስለቅም ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ስም የእትዬ በቀለች ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዛሬ ከሁሉም ያነሰ የምትለቅመውም እሷ ናት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ

አጠገቧ ቆሜ አየኋት። የተበሳውን በጣቷ ዳስሳ ታገኘዋለች። ጥቁሩን ግን ታሳልፈዋለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ዓይንሽ ምን ሆኗል አልኳት።

«ጉም ነው ልጄ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ አሁን ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም።»

ሆስፒታል የዓይን ሞራ በነፃ የሚያነሱ ሐኪሞች መጥተዋል፣ እስከ ሐሙስ ብቻ። ሂጂ አልኳት።

«ከቀረሁ ያስወጡኛል» አለች።

ባትቀርም ያስወጧታል። ይህን አልነገርኳትም።

ረቡዕ

በግድ ላክኳት። ልጇ ከጨለለቅቱ መጥታ በባጃጅ ወሰደቻት። መዝገቡ ላይ «ገብታለች» ብዬ ፈረምኩ።

ድርሻዋን እኔው ተቀምጬ ለቀምኩላት። ሰዓት ሳይሞላ ወገቤ ተያዘ። ስነሳ ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ምሕረት ብቻ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከአሁኑ ወገቧን በነጠላ አስራ ነው የምትውለው።

ሐሙስ

ተያዝኩ። ሥራ አስኪያጁ «በቀለች የት አለች?» አለ። ሽንት ቤት አልኩ። ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ነገርኩት።

አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቡናው ከነጥቁሩ ሄዶ ቢመለስብን ሁላችንም ነን ቤታችን የምንገባው» አለ። ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ቀጠለና «የሷ አንድ ሆነ። ሁለት ይቀርሻል» አለኝ።

ከሥራ ስወጣ ቤቷ ሄድኩ። ፋሻው ተፈቷል። አንዱን ዓይኗን ነው የሠሩላት፣ ጌታ ይባርካቸው። በሩ ላይ ቆማ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ምስማር ትቆጥራለች። «ሰኞ እገባለሁ» አለችኝ። ሐኪሞቹ ከአቧራ ራቂ ብለዋታል። እሱን ይዤ ዕረፊ፣ ዕረፊ አልኳት። ዋናውን አልተናገርኩም።

ዓርብ

ሳትሰማኝ መጣች። ዘበኛው አላስገባም አላት። በሩ ላይ ከተራገፈው ቡና አንድ እፍኝ አንስታ፣ «ይኸው ጥቁር፣ ይኸው የተበሳ፣ ይኸው ደህና» እያለች ለሥራ አስኪያጁ ለየችለት። አንድም አልሳተችም። እሱም አየ። ቦታዋ ላይ ግን ጠዋት አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። «አሁን ሦስት ሰው እያሰናበትን ነው፣ ከጭነቱ በኋላ ምናልባት» አላት። አመስግናው ሄደች። አመሰገነችው!

የቀሩትን ሁለት ስሞች ጻፍኩ። አንዷ ታስላለች፣ አንዷ ጣቶቿ አይታጠፉም። ስማቸውን እዚህ አልደግመውም። የኔን ስም ልጽፍ አስቤ ነበር። አልጻፍኩም። ልጆቼ ትዝ አሉኝ።

ቅዳሜ

እትዬ በቀለች ቤት ቡላ ይዤ ሄድኩ። አልተቆጣችኝም። ስለ ዓይኗ ብቻ አወራችኝ፣ ሐኪሞቹ ሁለተኛውንም ተመልሰን እንሠራልሻለን ብለዋታል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ከዚያ «ሌሎቹ ሁለቱ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

ገና አልተወሰነም አልኳት። ሰኞ ጠዋት ነው የሚነገራቸው፣ ነጋሪዋም እኔው ነኝ።

ትክ ብላ አየችኝ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ፊቴን አታየውም ነበር። አሁን ታያለች። ወደ በሩ ዞርኩ።