ሳልታመም ተፈወስኩ

ጥር 3፣ ጧት 1፡30
ከጂንካ ወደ ገዘር የሚወስደውን ዳገት በሳይክል ጀመርኩት። ግማሹን ሳልወርድ ወጣሁ! ጉልበቴ ተንቋቋ፤ ይንቋቋ። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት። ስማኝ ደብተሬ፣ ፓስፖርቴ መጣ። ፎቶው ላይ ተማሪ ልገርፍ የተነሳሁ ነው የምመስል። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት። ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ አስተማርኩ፤ ኬንያን በማስመሪያ ጫፍ እያሳየሁ። ድንበር ግን አንዴም ተሻግሬ አላውቅ። በቃ! ዘንድሮ ኬንያ፣ ማርሳቢት ከተማ እገባለሁ፣ በሳይክሌ።

ጥር 5
ልጄ ታምራት ሰማ። የገዘር ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ ወሬ ከተሳፋሪ አያመልጠውም። በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ አለኝ። የሳይክሌን የፊት ጎማ ፈትቶ ይዞት ሄደ። የገዛ ጎማዬን! ቆይ ብቻ።

ጥር 8
ጉድ ፈላ። እዚህ ጂንካ ዕድሜው የገፋ ሰው ውጭ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ ለሕክምና ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታሰብም። ስለዚህ ታምሜአለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር አጥሚት ይዛ መጣች፣ እንባዋ ቀድሟት። ኩላሊት ነው ወይስ የባሰው? አለችኝ። ኧረ ምንም የለብኝ ብላት፣ ከኔም ትደብቂ ብላ ባሰባት። አጥሚቱን ጠጣሁት። ሲጥም!

ጥር 10፣ እሑድ
ጸሎት ቤት። ፓስተሩ በስሜ ጠርተው ወደ ፊት አወጡኝ፣ እጅ ጫኑብኝ። ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። አላስቻለኝም። ማይኩን ተቀበልኩና አልታመምኩም፣ ፍጹም ጤነኛ ነኝ አልኩ። ምስክርነት መሰላቸው! «ሃሌ ሉያ! ተፈወሰች!» እልልታው ጣራውን ሊነቅለው። አስቴር ትዘላለች። ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ። ሳልታመም ተፈወስኩ።

ማታ። ታምራት ጎማውን መለሰ። ራሱ ገጠመው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ከዚያ የሆዱን አወጣው። አባቱን የወሰደብን መንገድ ነው፤ የጭነት መኪና፣ ወይጦ ቁልቁለት ላይ። አንቺንም ለመንገድ አልሰጥም አለ። ልቤ ተነካ። ሁለታችንም አለቀስን። እስከ ሞያሌ ብቻ፣ ድንበሩን አይተሽ ትመለሻለሽ አለኝ። እሺ አልኩ።

ጥር 20፣ ያቤሎ
እስከ ኮንሶ በአውቶቡስ፣ ሳይክሉ ጣራው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ተጭኖ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሉ ላይ፣ በራሴ እግር። መቀመጫዬ ተላጠ፤ ቆሜ ነው የምጽፍ። ሙቀቱ አይጣል። ከብት የሚነዱ ሰዎች አስቁመው ውሃ ሰጡኝ፤ ቋንቋ አልተግባባንም፣ ጎማዬን ነካክተው ሳቁ። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥር 25፣ ሞያሌ፣ ከቀኑ 11፡00
ደረስኩ። ድንበር ማለት ይኸው ነው? በር፣ ወታደር፣ ሁለት ፍየል። ፍየሎቹ ማንንም ሳይጠይቁ አለፉ። አስፋልቱ ወደ ማዶ ይቀጥላል። ቆሜ አየሁት። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ታምራት ደወለ። አየሽው አይደል፣ ነገ አውቶቡስ ያዢ አለ። እሺ ልል ነበር። ልጄን አልዋሽም። ማርሳቢት ሳልደርስ አልመለስም አልኩት። የሰጠሁህን ቃል አፈረስኩ፣ ከፈለግክ ተቆጣኝ፣ ግን እሄዳለሁ፤ ማታ ማታ እደውልልሃለሁ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። እያለቀሰ ነው ለካ።

ከዚያ፦ «እማዬ፣ ማዶ የሚነዳው በግራ ነው። በግራ ያዢ፣ እሺ? በግራ።»

ነገ ጧት እሻገራለሁ።