ጎሾቹን የመለሳቸው ምሳ

ይድረስ ለውድ እናቴ፦ እንደ ምን ሰነበትሽልኝ? ከኩላሊት እጥበቱ በኋላ እንቅልፍ ይወስድሻል? የቢሊንግስ ሆስፒታል ምግብ ዛሬም ጨው የለውም? እኔም ባለቤቴ ሩቢም ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እማዬ፣ ጎሾቹ መጡልሽ! ሠላሳ አራት ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከመኪና ሲወርዱ የጎሳችን ሽማግሌዎች ከበሮ እየመቱ ዘመሩ፤ እኔም የመንጋው ኃላፊ ተብዬ እንደ ሙሽራ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የእኛ ሣር ብቻውን እንደማይበቃቸው ግን ታውቂያለሽ። የጎረቤታችን የኦርቪል ግጦሽ ካልተጨመረ መንጋው የበረዶውን ወራት አይዘልቅም። ኦርቪል ደግሞ መሬቱን ሊያጋራን የተስማማው «በበሩ ይግቡ፤ አጥሬን አንዴ ከጣሱ ውሉ ፈረሰ» ብሎ ነው። ያን ቀን የእሱም ወገኖች የእኛም ለማየት ተሰብስበው ነበር።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። «ጎሽ አይነዳም፣ ደስ ሲለው ይሄዳል» ብለሽ ስንቴ ነግረሽኛል? ሃያ ዓመት ላም ስነዳ የኖርኩ ሰው ልማዴ አሸነፈኝና፣ ቆመው ሣር ሲያሸቱ ሳያቸው በፒክአፕ ከኋላቸው ገብቼ ጥሩምባ ነፋሁባቸው። ምን ልበልሽ! ዞረው ወደ እኔው መጡ፤ አልፈውኝ የኦርቪልን አጥር እንደ ሸረሪት ድር በጣጥሰው ስንዴው መሐል ገቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ኦርቪል ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆመ። ፈረሰኞቻችን ሊያባርሩ ሲነሡ አክስቴ ራሞና «አርፋችሁ ተቀመጡ! ለዛሬ አንድ ሞኝ ይበቃናል» ብላ ጮኸች። ወደ ጎረቤታችንም ዞራ «አንተ ኦርቪል፣ ቆመህ ከምታፈጥ ቁጭ በልና ብላ!» አለችው።

ሁላችንም ለጎሾቹ ጀርባችንን ሰጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ቋንጣው ወጣ፣ በዘይት የተጠበሰው ዳቦ ተቆረሰ፣ የዱር ፍሬው ሾርባ ዞረ። እኔ ግን ውሉን በገዛ እጄ ያፈረስኩት መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየን አንዲት አሮጊት ጎሽ ቀድማ፣ ሌሎቹ ተከትለዋት፣ በጣሱት አጥር በኩል አጠገባችን እያለፉ ወደ ሣሩ ተመለሱ። ኦርቪል ሦስተኛ ዳቦውን እያላመጠ «አንተ ያባረርካቸውን ምሳ መለሳቸው እኮ!» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ስለ ውሉ ግን ትንፍሽ ሳይል ሄደ።

ትናንት ሰኞ በጠዋት ሲመጣ አጥሩን ሊጠግንና ውሉን ሊያፈርስ ነው ብዬ ሰጋሁ። የያዘው ግን ፒንሳ ብቻ ነው። «ስንዴዬን ለብቻው አጥረዋለሁ፤ ይሄኛው ይነሣ። አጥር ከሌለ የሚጣስም የለ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ አብረን ሽቦ ስንቆርጥ ዋልን። ከእኛ ቤት እስከ ወንዙ አሁን አንድ ሜዳ ሆኗል። አለቀስኩ እማዬ፣ አልዋሽሽም።

ሩቢና ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ። እህቴ ቨርናን ስላስታመመችሽ አመስግኝልኝ፤ ባሏ ሌስተርንም ሰላም በይልኝ። አክስቴ ራሞና «ይሄን ልጅሽን በልጅነቱ ብትገርፊው ኖሮ» ብላለች። ኦርቪልም «እናትህ ስትመጣ በሩን እኔው እከፍትላታለሁ» አለ። የቀረ በር የለም እማዬ፤ በፈለግሽው በኩል ግቢ።

ልጅሽ ቨርሊን
ሎጅ ፖል፣ ሞንታና
ኤፕሪል 24 ቀን 2018