ማቀዝቀዣችንን አራት ሺህ ዲግሪ ላደረሳችሁልን የከርነል አዘጋጆች

ለተከበራችሁ የከርነል አዘጋጆች፣

እናንተ፣ ቤተሰባችሁ፣ ከብት ካላችሁም ከብቶቻችሁ፣ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አምቦዎች ደህና ነን፤ ደህና ያልሰነበተው ማቀዝቀዣው ነው።

ኤጄታ እባላለሁ። የጤና ጣቢያዎችን የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት ከሴንሰር ተቀብላ ለፕሮግራሞች የምታቀብል አንዲት ትንሽ የኮድ ላይብረሪ አዘጋጃለሁ። በማሽኑና በፕሮግራሞቻችን መካከል የሚቆመው የእናንተ ከርነል ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ያለውን የምንሰማው በእናንተ አፍ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ለዓመታት አራት ዲግሪን «4» ስትሉን ኖራችሁ፣ በአዲሱ እትም አንዱን ዲግሪ ለሺህ መንዝራችሁ «4000» ስላላችሁን እናመሰግናለን። እንዲህ ያለ ቸርነት አልለመድንም።

፪. ላይብረሪዋ በትክክል መሥራቷን የምናረጋግጥባቸው ፈተናዎች አንድም ሳይቀር ወደቁ። ባልደረባዬ ሸዋገነት ጥፋቱን በእኔ ኮድ ውስጥ ስትፈልግ ሰነበተች፤ ለካ እናንተ ነገሩን «ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች» ከሚል ርእስ ሥር ደብቃችሁት ኖሯል። በእኛ እድር ድንኳን ከአንድ ደጅ ወደ ሌላ ደጅ ሲዛወር እንኳ ጥሩምባ ይነፋል። እናንተ ግን ሰው እንዳይረበሽ አስባችሁ ይሆናል።

፫. እኛ ፈተናው ለምን ወደቀ ስንል፣ ማሻሻያው በራሱ ተጭኖ ጊንጪ አጠገብ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ደረሰ። የጥበቃ ሠራተኛው ኦቦ ሂርጳ በማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ላይ አራት ሺህ ዲግሪ ቢያዩ፣ ቤቱ ሊቃጠል ነው ብለው ለነርሷ ለሲስተር ሐምዲያ ደወሉ፤ ከነገሯት በኋላ ሶኬቱን ነቀሉ። እኔም ብሆን እነቅለው ነበር። ሐምዲያ በረዶ የያዘ ሣጥን ይዛ ደርሳ ክትባቱን ባታተርፈው ኖሮ፣ ሕፃናት አዝለው ከጭልሞ በእግራቸው የመጡ እናቶች የኩፍኝ ክትባት ሳያገኙ በመጡበት ይመለሱ ነበር። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና፣ ፈርቼ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ።

ለማንኛውም የለወጣችሁትን ሁሉ እየተከተለ ለማስተካከል ከመሮጥ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ ቀጣዩን ድንገተኛ ደግነታችሁን በፍርሃት የሚጠባበቅ፣

አክባሪያችሁ ኤጄታ፣ ከአምቦ

የተረሳች ነገር፦ ፈተናዎቹ አሁን ያልፋሉ፤ ለሺህ ማካፈል ተምረናል። ከእንግዲህ ለውጥ የሚገመግም ሰው ብትፈልጉ ኦቦ ሂርጳን እጠቁማለሁ። ኮድ አያውቁም፤ ከመንቀላቸው በፊት ግን ይደውላሉ።