የንፍሮው እሳትና የእኛ ካፖዎች

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፯ ቀን ፲፱፻፴

እምቢ አልኩት አስተርጓሚውን። ጣሊያኖቹ ከተማችን የገቡበትን ቀን ሲያከብሩ ውለው አመሻሹ ላይ እሱን ወደ እኛ ላኩት። ትእዛዙ እንዲህ ነው፦ ከቤንዚን መጋዘናቸው ፊት ለፊት ያለነው ባለ ሳር ቤቶች ደጅ ላይ እሳት እንዳናነድ። ከእንግዲህ ከእኛ ዘንድ እሳት ከተነሣ መንደሩ በሙሉ ይፈርሳል።

ሰኞ እኮ የግንቦት ልደታ ነው! ልደታ ሰፈር ተቀምጠን የልደታን ንፍሮ ደጅ ሳንቀቅል?

ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሁለት ቤት ሲቃጠል የእሳት መኪናቸው መጥቶ ነበር። መጥቶ ምን አደረገ? የመጋዘኑን ግንብ ውሃ ሲያጠጣ ቆየ። ቤቶቹ ዐመድ ሆኑ። በዚያ በየካቲቱ ጊዜስ ጎጆውን ከነሰዉ ቤንዚን አርከፍክፎ ያነደደው ማን ነበር? ዛሬ እሳት ፈሪ ሆኑልኝ።

የመጨረሻው ቤት ባለቤት እማማ የሺ ሰምተው፣ «አሰለፈች ልጄ፣ ለሶላቶ ብዬ ልደታን አላስቀርም» አሉኝ። እኔም አላስቀርም። ግን ቤቴንም አላስፈርስም። እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፳፰

መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ለቅሶን ግን አልከለከሉም። ስለዚህ እማማ የሺ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ማን ሞተ? ማንም። ዘበኛ ሲያልፍ እናለቅሳለን፣ ሲርቅ እንመክራለን። ጎረቤቴ ከድጃማ እንዲህ አምርራ ስታለቅስ እኔም እውነት መሰለኝና እንባዬ መጣ።

ንፍሮውን በጓሮ ቀቅለን፣ እሳት ቢነሣ ራሳችን እናጥፋ ተባባልንና ወልዴን ጠራነው። የሰፈራችን ሰው ነው፤ እሳት መኪናው ጣቢያ በቀን ሥራ ውሃ ይሞላል። ሐበሻ መኪናው ላይ አይወጣም፤ ባልዲውን ይዞ ከኋላ ይሮጣል።

«እዚያ የሁሉም ሥራ የተለየ ነው» አለን። «አንዱ ቱቦ፣ አንዱ መሰላል ይይዛል፤ የሚያዝዘው ደግሞ አንድ ነው። ካፖ ይሉታል።»

«እኛ ዘንድማ ሁሉም ካፖ ነው» አለች ከድጃ። ሳቅ አፍነን ልንሞት!

ተከፋፈልን። መሰላሉ የከድጃ፤ ባሏ አናጢ ነው። ቀጫጭኖቹ ማጭድ ይዘው ጣራ ላይ፣ የተያያዘውን ሳር ገፍፈው እንዲጥሉ። ሕፃናቱን እማማ የሺ ይሰበስባሉ። በየደጁ ሙሉ እንስራ። ካፖ እኔ። ለምን ብል ድምፅሽ ወፍራም ነው አሉኝ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፳፱

ሞከርነው። ከድጃ መሰላሉን ተሸክማ ስትዞር የእማማ የሺን አጥር ይዛው ሄደች። «እሳቱ ሳይመጣ አንቺ ጨረሽኝ!» አሉ እማማ። ሁለተኛው ሙከራ ግን አማረ። ውሃ ከወንዝ ስንቀዳ ውለን ወገቤ ተቆረጠ፤ እንስራዎቹ ግን በየደጁ ሞልተው ተደርድረዋል። ሳያቸው ደስ አለኝ። እንደ ወታደር ቆመዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት ፩

እጄ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ቢሆንም ልጻፍ።

እንስራዎቹን ደጅ ላይ ስንደረድር የማን በዓል እንደሆነ አላሰብንም። ልደታን ተሳልሞ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። «ስለ ልደታ፣ ጥርኝ ውሃ!» ይላል። በዚህ ቀን ይኼ ለእሳት ነው ብሎ የሚከለክል ማን ነው? እኔ ራሴ፣ ካፖዋ፣ በቅል እየቀዳሁ አጠጣሁ፤ እነሱም መረቁኝ። ከሰዓት በኋላ ብናይ እንስራው ሁሉ ባዶ!

እማማ የሺ ጓሯቸው ንፍሯቸውን ጥደዋል። ነፋስ ተነሣ። ፍንጣሪው ጣራቸው ላይ ዐረፈ፤ ሳሩ ጨሰ፣ ከዚያ ቦግ አለ።

«ውሃ!» ብዬ ጮኽኩ።

«የምን ውሃ! አጠጣሽው እኮ!» አለች ከድጃ መሰላሉን እያቆመች።

«እንግዲያው ጠላ!»

የየቤቱ የበዓል ጠላ ከነጋኑ ወጣ፤ በቅብብል ወደ ጣራ። ንፍሮው ሳይቀር ከነውሃው ተደፋ። ውሃችንን የጠጡት መንገደኞች ጭሱን አይተው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «የጠጣነውን እንክፈል!» እያሉ መሰላሉን ወጡ። ሳሩን ገፈፍነው፣ ረገጥነው፣ ጠፋ።

የመጋዘኑ ዘበኛ አስጠርቶ ነው መሰለኝ፣ ወዲያው የመኪናቸው ደወል ተሰማ። የከሰለውን ሳር የት እናድርሰው? ከድጃ ቁርበት ጣለችበት፤ እማማ የሺ ቁጭ አሉበት።

ጣሊያኑ ካፖ ከነአስተርጓሚው ወረደ። ወልዴ ባልዲውን ይዞ እያለከለከ ከኋላ ደረሰ፤ እንደማያውቀን ሆነ።

«እሳቱ የት አለ?» አለ አስተርጓሚው።

«የምን እሳት? ክረምት ደረሰ፣ ጣራ እየቀየርን ነው» አልኩት።

«በበዓል ቀን?»

«ለአሮጊት ደቦ መውጣት ጽድቅ አይደለም?»

«እሳቸው ይነሡ።»

«በልደታ ቀን ለሰው አልነሣም!» አሉ እማማ የሺ፣ ጭራሽ ተደላድለው።

ካፖው ወደ ጣራው አየ፤ የሚነድ የለም። ጠላው ሸተተውና ሳቀ። ሰክረዋል ብሎ ይሆናል። ሄዱ። መኪናው ሲታጠፍ እማማ የሺ ብድግ ብለው «በእመቤቴ! ከሥሬ እኮ እየጨሰ ነበር፣ በስያለሁ!» አሉ። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ይኼኛው የእውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፪

አስተርጓሚው ጠዋት ብቻውን መጣ። ለእማማ የሺ ጣራ ሳር ስናቀብል ቆሞ አየን።

«ትናንት ጭስ ሸቶኝ ነበር» አለኝ።

«ከየካቲቱ ወዲህ ጭስ ያልሸተተው የዚህ ከተማ ልጅ አለ?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ሄደ። ይናገርብን፣ ይተወን፣ አላውቅም። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ደጅ ወጥቼ አያለሁ።

ሥራችንን ግን አልተውንም። የመንገደኛው እንስራ ለብቻው ሆነ፤ የእሳቱ ጓዳ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሦስት የአብነት ሰፈር ሴቶች ሳር ተሸክመው መጡ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ። «ሳሩ ለጣራችሁ» አሉ፤ «እናንተ ደግሞ እንዴት እንደተከፋፈላችሁ ንገሩን።» ተቀመጡ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ ካፖ እኔ፣ ካፖ እኔ ብለው ተጣሉ።

ነገ የእኛን መንደር ቢያፈርሱት እንኳ፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ መንደር አለ። ዛሬ እተኛለሁ።