መብላት ላቃታቸው ልጆች የቆሙት ማ ሞሌፊ

ወይዘሮ ባሌሴንግ ሴኮሌ ከአባታቸው ከአቶ ሌፎኮ ሌትሾሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጋባይትሴ ሞሩቲ በደቡብ ቦትስዋና፣ በካንዬ መንደር እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ኑሯቸውን ለመደጎም ወደ ደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ወርደው ስለነበር፣ እርሳቸው በተወለዱ ጊዜ እቤት አልነበሩም። ጎረቤቱም ይህንን ይዞ የማይለው ነገር አልነበረም። እናታቸው ሕፃኗን አቅፈው "የፈለጉትን ያውሩ" ብለው ባሌሴንግ አሏት፤ "ተዉአቸው" ማለት ነው። ስማቸው ይህ ይሁን እንጂ፣ ማ ሞሌፊ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ተዉት የተባሉትን ነገር ትተው አያውቁም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በካንዬ ተከታትለዋል። በመካከል እናታቸው ሲታመሙ አንድ ዓመት አቋርጠው የማሽላውን እርሻ ያዙ። በቀጣዩ ዓመት ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ክፍል ገብተው ሲቀመጡ "አያቴ መጣች" እያሉ የሚያሾፉባቸው ልጆች ነበሩ። እርሳቸው ግን ክፍሉን በአንደኝነት ጨርሰው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። ከ1975 ጀምሮ በካንዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ መምህርት ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከተገኙት ሴቶች ብዙዎቹ ሽንኩርት መክተፍን፣ ቀሚስ መስፋትንና ዳቦ መጋገርን የተማሩት ከእርሳቸው ነው። "እጇን ሳትታጠብ ድስቴን የነካች እቤቷ ሄዳ የእናቷን ታበላሽ!" ሲሉ ድምፃቸው እስከ ኳስ ሜዳው ይሰማ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ጠጋኝ ከነበሩት ከአቶ ኦሌፊሌ ሴኮሌ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አጎቶች በጥሎሹ ከብት ሲከራከሩ ከሰዓት በኋላው አልቆ፣ ሙሽራይቱ ራሳቸው ከጓዳ ወጥተው "ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው፤ ወይ ተስማሙ ወይ ብሉ" ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። በ1979 ወንድ ልጃቸውን ሞሌፊን ወለዱ፤ ከዚያም ወዲህ በአገሩ ልማድ ማ ሞሌፊ፣ የሞሌፊ እናት፣ ተብለው ተጠሩ። በ1983 ደግሞ ጎራታን ወለዱ።

ጎራታ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር የቤቱ ነገር የተለወጠው። ሳህኗን ይዛ ውጭ እበላለሁ ማለት ጀመረች። ፀሐዩ ጠጠር በሚያቃጥልበት በጥቅምት ሹራብ ደራርባ ትሄዳለች። ከትምህርት ቤት መልስ ኮረብታውን እየዞረች ትሮጣለች። አባቷ ግቢው ውስጥ ቆመው "ዘንድሮ እነዚህ ውሾች ምን ነካቸው? ጥጃ አከሉ እኮ!" ብለው ሲስቁ ሁሉም አብሮ ሳቀ። ውሾቹ ለምን እንደወፈሩ ማ ሞሌፊ የገባቸው የልጅቷን ፀጉር ሲያጥቡ የጀርባዋን አጥንት ካዩ በኋላ ነው።

ያኔ አገሩ ሁሉ ወጣት የሚቀብርበት ዘመን ነበር፤ የከሳ ሰው ከታየ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደም ተመርምራ ነፃ መሆኗ ቢነገርም ሰዉ አላመነም። የባለቤታቸው እህት ወይዘሮ ሞትላሌፑላ "መተት ነው። ልጅቷን ሰው ነክቷታል፤ ባለመድኃኒት ዘንድ እንውሰዳት" አሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ "ይህ የነጮች በሽታ ነው፤ የኛ ልጅ ምግብ አትጠላም፤ ቅብጠት ነው" አሉ። ማ ሞሌፊ ሁሉንም ሰሙ፤ ሁሉንም ሞከሩ። ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ልጅቷ በልጅነቷ የምትወደውን ሁሉ ሠርተው አቀረቡ። አንድ ቀን የወጥ ቤት ክፍላቸውን ዘግተው "ያገሩን ልጅ ሁሉ ማብሰል አስተማርኩ፤ የራሴ ልጅ ግን ሳህኔን ስታይ ታለቅሳለች" ብለው ለባልደረባቸው ነገሩ።

በ1999 ዓ.ም. ጎራታ በጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል የተቀበላት ወጣት ሐኪም ወላጆቿን አስቀምጦ "የልጅቷ ልብ እየደከመ ነው። ቅብጠት አይደለም፤ ሰውን ከምግብ የሚያራርቅ የአእምሮ ሕመም ነው። ስም አለው፤ ይድናል" አላቸው። ማ ሞሌፊ ኋላ ሲናገሩ፣ ሐኪሙ ብዙ ነገር እንዳስረዳቸው፣ እርሳቸው ግን ይዘው የወጡት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ እንደነበር ይናገሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ባለቤታቸው መኪና ለምነው፣ ድንበር ተሻግረው ጆሃንስበርግ ወደሚገኝ ሕመሙን የሚያክሙ ባለሙያዎች ያሉበት ሆስፒታል ወሰዷት። ማ ሞሌፊ ከሥራቸው ረጅም ፈቃድ ወስደው አብረዋት ሰነበቱ።

ሆስፒታሉ ሕይወቷን አተረፈ። ማዳኑ ግን እቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ ሆነ። ልጅቷ በቀን ስንት ጊዜ መብላት እንዳለባት፣ ስትበላ ሰው አብሯት መቀመጥ እንዳለበት፣ ጠረጴዛው ላይም ስለ ምግብ ፈጽሞ እንዳይወራ ሐኪሞቹ አዝዘው ነበር። ጎራታ ሳህኑን ገፍታ "ጠላሁሽ!" ብላ የጮኸችበት ቀን ነበር። ማ ሞሌፊ ሳህኑን መልሰው አስጠግተው "ጥዪኝ። ግን ተቀምጠሽ ጥዪኝ" አሏት። ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባት እንጂ ገንፎዋን ጨረሰች።

እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ አትችልም። አንድ ቀን ወይዘሮ ሞትላሌፑላ፣ መተት ነው ያሉት እኚሁ አክስት፣ በምሳ ሰዓት መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኔ ማስበላት አላውቅም፤ ወሬ ግን አውቃለሁ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማን ማንን እንዳገባ፣ የማን ፍየል የማንን ጎመን እንደበላ፣ ቄሱ ስብከት መሀል እንዴት እንዳንቀላፉ ሲተርኩ፣ ልጅቷ ሳታስበው ማንኪያዋን ታነሣ ጀመር። ወይዘሮ ሞትላሌፑላ ዓመቱን ሙሉ አንድ ምሳ አልቀሩም።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2002 ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም ከሥር አስጀምሯቸዋል። ማ ሞሌፊ ዝም ብለው ቤታቸው ውስጥ ሊታገሉ እንደማይገባ የወሰኑትም ያን ጊዜ ነው። በ2003 በመንደሩ ሸንጎ፣ አለቃው ባሉበት፣ ከመላው ካንዬ ሕዝብ ፊት ቆመው የልጃቸውን ሕመም በስሙ ጠርተው ተናገሩ። ይህን ያደረጉት ጎራታ ራሷ "ተናገሪ፤ እኔ አላፍርም" ካለቻቸው በኋላ ነው። ከአዛውንቱ አንዱ፣ አቶ ሞትሴ፣ ከዝቅተኛ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣

"አንቺ የሞሌፊ እናት፣ ልጅ ካልበላች ይርባታል፤ ሲርባት ትበላለች። ይህ ለሸንጎ የሚቀርብ ነገር ነው?" አሉ።

"አባቴ፣ ከከብቶችዎ አንዷ ሣር መሀል ቆማ መብላት ብታቆም፣ ሲርባት ትበላለች ብለው ይቀመጣሉ?"

"እኔ? ሐኪም ነዋ የማስጠራው!"

"እኔም ለልጄ ያልኩት ይህንኑ ነው።"

ሸንጎው በሳቅ ተሞላ፤ አቶ ሞትሴም ሳቁ። ከሕዝቡ ኋላ ተሸፋፍና የቆመች አንዲት እናት ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ልጇን ይዛ ማ ሞሌፊ በር ላይ ቆመች። ከእርሷ በኋላ ሌሎች መጡ፤ ከሎባትሴ፣ ከጃዋኔንግ፣ ከድንበሩም ማዶ። አንድ አባት የሩጫ ሻምፒዮን የነበረ ጎልማሳ ልጃቸውን ይዘው መጥተው "ይህ የሴቶች ሕመም ነው ቢሉኝ አፍሬ ዓመት ደብቄዋለሁ" ብለው አለቀሱ። ማ ሞሌፊ ቡና አፍልተው አላጽናኑም፤ ስልክ አንሥተው ሐኪም ያዙላቸው። ሁልጊዜም የሚሉት "እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔ በሩን አሳያለሁ፤ አብሬም እጠብቃለሁ" ነበር። ባቋቋሙት ማኅበር እናቶች፣ አባቶችና አክስቶች እየተፈራረቁ እንዴት አብሮ መብላት እንደሚቻል ተማሩ። በክልሉ ትምህርት ቤቶች እየዞሩ መምህራንን አስተማሩ፤ በሬዲዮም ጭምር።

ከሁሉ የከበዳቸው ቢሮ መመላለሱ ነበር። በአገሩ ለዚህ ሕመም የተለየ አልጋ እንዲኖር ለዓመታት ደጅ ጠንተዋል። አንድ ወጣት ሹም "እማማ፣ በድርቅ የሚበላ ያጣ ሰው እያለ፣ እምቢ ላሉ ልጆች አልጋ ስጡ ይሉኛል?" ብሏቸው ነበር። ማ ሞሌፊም፣ "ልጄ፣ ሁለቱም የሚሞቱት በረሃብ ነው። ስትቀብር ትለያቸዋለህ?" አሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ሹሙ ራሱ ደውሎ ቀጠሮ ያዘላቸው። በ2010 ዓ.ም. ጥቂት አልጋዎች ያሉት ክፍል ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑ። በስማቸው ይጠራ ሲባሉ "ሞቼ አይደለም እኮ" ብለው እምቢ አሉ።

ቤተሰቡ ማ ሞሌፊን ካሰበ ሁልጊዜ የሚያስታውሰው ግን ከዚያ በፊት የሆነውን፣ የ2007ቱን የሞሌፊን ሠርግ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ማ ሞሌፊ ከሰው ጋር እያወሩም ዓይናቸው ከጎራታ ሳህን አይነሣም ነበር። በሠርጉ ጎራታ ከአጎቷ ልጆች ጋር ቆማ ስለ ሙሽራው ጫማ እየተሳለቀች፣ እጇን ወደ ብስኩቱ ትሪ ሰደደች። አንዱን አነሣች፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ በላችው። ዘይቱን ከጣቷ ጠራርጋ ሌላ አነሣች። የበላችውን እንኳ ልብ አላለችም። ማ ሞሌፊ ይህን አይተው ከሰው መሀል ወጡ። ባለቤታቸው ሲፈልጓቸው ከከብቶቹ በረት ጀርባ አገኟቸው፤ አጥሩን ተደግፈው ያለቅሳሉ።

"ምን ሆንሽ? ሠርግ ላይ?"

"ኦሌፊሌ፣ ልጅቷ ረሳችው እኮ። ረሳችው!"

ወደ ሠርጉ ሲመለሱም ማ ሞሌፊ የቤተሰቡን ጭፈራ ቀድመው መሩ።

ጎራታ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፋርማሲስት ሆነች፤ አግብታ፣ ሐኪሞች ላትወልድ ትችላለች ብለው የነበረ ቢሆንም፣ በ2012 ሴት ልጅ ወለደች። አቶ ኦሌፊሌ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ በ2013 ዓ.ም. በሰላም ዐረፉ።

በ2015 የካንዬ ሕዝብ ለዚህ ሕመም ሕክምናና ግንዛቤ የደከሙትን ለማክበር በተሰበሰበበት ዕለት አለቃው ማ ሞሌፊን የክብር ብርድ ልብስ አለበሷቸው። እርሳቸውም ከትከሻቸው አውልቀው በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል አልፈው ወይዘሮ ሞትላሌፑላን አለበሷቸው። "ይህን ያገኘሁት በንግግር ነው። እርሷ ግን በየቀኑ ምሳ ሰዓት መጥታ ነው" አሉ። ወይዘሮ ሞትላሌፑላም "ኧረ እኔ ያወራሁት ሐሜት ነው!" ብለው ሲጮኹ፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ያን ብርድ ልብስ ዛሬም ለብሰውት በመካከላችን ተቀምጠዋል።

ማ ሞሌፊን በ2021 ዓ.ም. የልብ ድካም ሕመም አገኛቸው። ሁለት ዓመት በሕክምና ተረዱ፤ እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ የከበዳቸው ጊዜ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ሕመሙ ረገብ ብሎላቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጠያቂ እየተቀበሉ፣ እየቀለዱ አሳለፉ። ቅዳሜ ጥቅምት 14 ቀን 2023 ዓ.ም.፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ጎራታ እጃቸውን እንደያዘች ነበር። ለቅሶ ያለ ነው፤ ቤተሰቡ ግን በዚህች ቀን ከእንባው ይልቅ ምስጋናው እንደሚበዛ አይደብቅም። የፈሩት አልደረሰባቸውም፤ ልጃቸውን አልቀበሩም። ልጃቸው ናት የምትቀብራቸው፤ ወግ እንደሚለው።

ወይዘሮ ባሌሴንግ ልጆቻቸውን ሞሌፊንና ጎራታን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ኬዲቦኔን፣ የባላቸውን እህት ወይዘሮ ሞትላሌፑላን፣ በየአገሩ ያሉ የማኅበራቸውን አባላትና ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ሟች ለዚህ ቀን አንድ ነገር አደራ ብለው ነበር፤ ቤተሰቡም እንደተናገሩት ያስተላልፋል። ከመቃብር መልስ ሁሉም ሰው እቤት ገብቶ ይብላ። ዓመታት ተለያይታችሁ ዛሬ የተገናኛችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ስትሳሳሙ "ከሳሽ"፣ "ወፈርክ" አትባባሉ፤ "እንኳን በሕይወት አገኘሁህ" ተባባሉ። ሰው በበዛበት መብላት የሚጨንቀው ካለ፣ ከኋላ ያለው ትንሹ ቤት ክፍት ነው፤ ምግብም ሰውም አለ፤ ማንም ምንም አይጠይቀውም።

የደከሙትን የሚያሳርፍ አምላክ የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን።

ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ