የሦስተኛው ዘፈን ጭረት

ለክቡር ሚስተር ዴዝመንድ ራስትሪክ
የዊክስተን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የቤተ መጻሕፍትና የባህል አገልግሎት ኃላፊ
ዊክስተን፣ ኅዳር 2009

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ እንዲሁም ባለፈው ወር በከተማችን ጋዜጣ ላይ ክንድዎን ጣል አድርገውበት ፎቶግራፍ የተነሡት ያ አዲሱ የወረቀት መፍጫ ማሽን፣ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን በዝናብ ቀን ከሚያመኝ በቀር ሌላ የማማርረው የለኝም፤ ዊክስተን ውስጥ ግን ዝናብ የሌለበት ቀን አላውቅም። ሦስተኛውን ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች መልስ ያጡበትን ምክንያት የማሽኑን ፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ ስለተረዳሁት ብቻ ነው። ይህ አራተኛው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው።

ግሌኒስ ፔርሳል እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጓጉንቸር ፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ፣ ቁልፉ አልዞር ላላቸው ደንበኞች «አስተያየትዎን በከፍተኛ ትኩረት ተመልክተነዋል» እያልኩ መልስ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለሦስተኛው ደብዳቤዬ ጽሕፈት ቤትዎ የላከልኝን መልስ ሳነብ የድሮ ባልደረባዬን ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኛል። በተለይ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ምንም ሳይል ያን ያህል መርዘሙ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ቅናት አሳድሮብኛል።

ጉዳዩ ስለ አንድ ሸክላ ነው። ወንድሜ ክላይቭ በ1974 ታፍታ ከሚባል የሙዚቃ ጓድ ጋር ሆኖ «የእሑድ ጫማ» የሚባል ሸክላ አስቀርጾ ነበር። ጊዜው ወንዶች ዓይናቸውን ተኩለው፣ ብልጭልጭ ተነስንሰው፣ ተረከዙ ጡብ በሚያህል ጫማ ላይ ወጥተው የሚዘፍኑበት ጊዜ ነበር፤ ግላም ይሉታል። ታፍታ ግን ዘግይቶ ደረሰ። ሸክላው ሱቅ ሲገባ አገሩ ሁሉ ኩሉን ታጥቦ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። የለንደን ጋዜጣ አንድ መስመር ጻፈለት፤ መስመሩም ስለ ሱሪያቸው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ጓዱ ተበተነ፤ ክላይቭም ጣራ ለጣራ እየዞረ የቤት ክዳን መምታት ጀመረ።

አባታችን ኢላይ ፔርሳል በዚያው በጓጉንቸር ፋብሪካ ብረት እየመታ ቅርጽ የሚያወጣው የፕሬስ ማሽን ሠራተኛ፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ የጸሎት ቤታችን ጠባቂ ነበር። ልጁን በሸክላው ሽፋን ላይ በሐምራዊ ቡትስ ቆሞ ሲያየው «ይሄ ጩኸት እዚህ ቤት አይገባም፤ ይዞት የመጣውም አይገባም» አለ። ቃሉንም ጠበቀ። አባቴ በ1988 እስኪሞት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው የሱቅ መስኮት እያየ ተላለፉ። እኔ መሃል ነበርኩ። ለክላይቭ «ትናንት አባባ ስላንተ ሲጠይቅ ነበር» እለዋለሁ፤ ለአባቴ «ክላይቭ ሰላም በይልኝ ብሏል» እላለሁ። አንዱም እውነት አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ዛሬ ክላይቭ ሆስፒታል ነው። ሳንባው አልቋል፤ ሐኪሞቹን ስለ ገና በዓል ስንጠይቃቸው ወሬ ይቀይራሉ። በዚህ ጸደይ ላይ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጣራውን እያየ «አንዴ እንኳ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ግሌን፤ ሰምቶት ቢሰድበኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የፈለግኩት አንድ ነገር ለዚህ ሰው የሚሆን ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ የጉዳት ካርድ የተባለውን ነገር ስለፈጠራችሁልን አመሰግናለሁ። እርስዎ በዚህ ወንበር ገና ስላልተቀመጡ ላያውቁት ይችላሉ፤ ድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሸክላ የሚዋስ ሰው የማጫወቻውን መርፌ ነቅሎ ይዞ መምጣት፣ ሠራተኛዋም በአጉሊ መነጽር መርምራ መፍቀድ ነበረባት። በየሸክላው ከረጢት ውስጥ ደግሞ ክብ የተሣለበት ካርድ ነበር፤ ጭረት ሲገኝ ቦታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ከጎኑ «የታየ ጉድለት» የሚል ዓምድ አለ፤ ተዋሹ ቀኑንና የመታወቂያ ቁጥሩን ጽፎ ያየውን ጉድለት ይሞላል። ስለ ምንም ነገር አስተያየቱን ማንም ጠይቆት የማያውቀው የዊክስተን ሕዝብ ታዲያ፣ ዓምድ ባገኘ ጊዜ፣ የዘፈኑን ጉድለት ይጽፍበት ጀመር። የ«የእሑድ ጫማ» ካርድ እየሞላ ሌላ እየተቀጠለበት ሦስት ደርሶ ነበር። አንዷ «ሽፋኑን አይቼ ለሳቅ ተዋስኩት። አራተኛው ዘፈን አስለቀሰኝ። ምን እንዳስታወሰኝ አልናገርም» ብላለች። ሌላው «ጅራቷን የረገጧት ድመት መስላኝ ነበር፤ ለካ ሰው ነው!» ይላል። ከሥሩ «ቁጥርህን አውቀዋለሁ። አንተስ በእኅትህ ሠርግ ስትዘፍን አልሰማንህም እንዴ?» የሚል አለ። የመጨረሻው በ1999 የተጻፈ ነው፤ «ይህን የመሰለ ነገር እዚሁ ከተማችን ተሠርቶ ሃያ አምስት ዓመት ማንም አልነገረኝም። አታፍሩም?» ይላል። የለንደኑ ጋዜጣ ስለ ሱሪ ሲጽፍ፣ ሸክላውን በእውነት የሰሙት ሰዎች የተናገሩት በዓለም ላይ በእነዚያ ሦስት ካርዶች ብቻ ነበር።

፪. ሁለተኛ፣ መስከረም ላይ ምድር ቤቱን ልትዘጉ ስትሉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንድንዋስ ስለፈቀዳችሁ አመሰግናለሁ። ሸክላውን ወስጄ፣ ማጫወቻ ስለሌለኝ፣ ካርዱን ሳነብ ዋልኩ። ከሁሉም የሚበዛው የቁጥር 2216 ነበር። ሸክላው በወጣ በስድስተኛው ሳምንት እንዲህ ይላል፤ «ጩኸት ነው። ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር የፋብሪካ ፕሬስ ነው የተባለው ፕሬስ አይደለም፤ ቆርቆሮ ሲደበደብ ነው። እውነተኛ ፕሬስ ከመምታቱ በፊት ይተነፍሳል።» በ1976፤ «ከበሮው ይቸኩላል። ልጁ ግን ቃል አይበላም። ጸሎት ቤት ያደገ መሆን አለበት።» በ1981 ለድመቱ ሰውዬ፤ «ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍክም። ገልብጠህ ስማና ያኔ እናወራለን።» በ1984፤ «ሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ጭረት የኔ ነው። መርፌውን እየመለስኩ ደጋግሜ ስሰማው ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሦስተኛው ዘፈን አንድ ልጅ የአባቱን የእሑድ ጫማ ሲወለውል የሚዘፍነው ነው። በ1987 ደግሞ፤ «እንደገና ሰማሁት። ስለ ፕሬሱ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይተነፍሳል።»

ክቡር ሆይ፣ ፕሬስ ይተነፍሳል የሚል ሰው በሕይወቴ የማውቀው አንድ ነው። ልጆች ሳለን ገበታ ላይ «ትንፋሹን የጠበቀ ጣቱን ያተርፋል» ሲለን ነው ያደግነው። ቤቱ ያላስገባውን ሸክላ፣ ቁልፉ በእጁ በነበረው ጸሎት ቤት ማጫወቻ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሰማው ኖሯል።

፫. ሦስተኛ፣ ሕግ አክባሪ አድርጋችሁ ስላሳደጋችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ምስጋና ውስጥ የእኔም ድርሻ አለበት። ማስታወቂያችሁ ሸክላዎቹ እስከ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይመለሱ ይል ነበር። እኔ በአርባ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አዘግይቼ የመለስኩት ነገር የለም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ካርዱ በእጄ ነው፤ ወረቀት ነው፤ በቦርሳዬ ብከተው ማን ያየኛል? ግን በከረጢቱ መልሼ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አስረከብኩ። ግልባጭ እንዲያነሡልኝ ለመንኩ። ጨዋዋ ወጣት ሠራተኛ «የግልባጭ ማንሻው ተበላሽቷል ወይዘሪት ፔርሳል፤ ሰኞ ብቅ ይበሉና እናነሣልዎታለን፤ የት ይሄዳል ብለው ነው?» አለችኝ። እኔም የት ይሄዳል ብዬ ቤቴ ገባሁ። ዓርብ ዕለት የአባቴን የመሣሪያ ሣጥን ፈተሽኩ። በሕይወት ሳለ የትምባሆ ሰው ሳይሆን ለምን እንደሚይዛት የማይገባኝ የክብሪት ቀፎ ነበረችው። ከፈትኳት። ውስጧ የማጫወቻ መርፌና አራት ቦታ የታጠፈ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ነበር፤ ቁጥር 2216።

፬. አራተኛ፣ የሟች አባቴን ምስጢር ከእኔ ስለጠበቃችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ «ካርዶቹን ቅዳሜ ነው የፈጨናቸው፤ የሰው ቁጥር ስላለባቸው መያዝ አይፈቀድም ተባለ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ምንም አላደረገችም፤ አልቀየምኳትም። የእርስዎ መልስም የተዋሾችን ግላዊ ጉዳይ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባችሁ ያስረዳል። ሃያ አንድ ዓመት በመቃብር የተኛ ሰው ልጁን እንደሚወድ እንዳይታወቅበት ማዘጋጃ ቤታችን ይህን ያህል መድከሙ የሚያስመሰግን ነው፤ እሱ ራሱም እንዲህ አልደከመም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ እርስዎን አይመለከትምና። ያነበብኩትን ሁሉ በቃሌ ይዤ፣ መርፌውንና መታወቂያውን በእጄ ጨብጬ ክላይቭ ዘንድ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ እጄን ይዞ «አንቺ ደግ ነሽ ግሌን። ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ። አባባ ጠየቀህ ስትዪኝ፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ ነበር የምትዋሺው» አለኝ። መርፌውን አሳየሁት። «መርፌ መርፌ ነው» አለ። መታወቂያውን አሳየሁት። «የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ይዋስ ነበራ» አለ። ማልኩለት፤ ለዚህ ደግሞ ፈገግ አለልኝ። የፈገግታው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አሥራ አራት ዓመት ሰላም ለማውረድ የዋሸሁት ሁሉ ተጠራቅሞ፣ አንዲቷን እውነት ስናገር አፌን ዘጋው። ሐሰተኛ ሲምል ማን ያምነዋል? የአባቴ ቃል ያለበት ካርድ ብቻ ነበር የሚያድነኝ፤ እሱን እናንተ ለባለ ፎቶግራፉ ማሽን አበላችሁት። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም፤ መዋሸቱን ለቤተሰቤ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን በዚህ ተራ ነገር ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ማሽንዎም እንዳይራብ እመኛለሁ። ቅርብ ዘመድዎ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ሊነግሩት የሚፈልጉት ነገር የተጻፈበት ወረቀት ከእርስዎ በፊት ሌላ ኃላፊ እጅ እንዳይገባ ከልቤ እጸልያለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ሁልጊዜም በሰዓቷ የምትመልሰው ታማኝ ተዋሻችሁ፣
ግሌኒስ ፔርሳል

በኅዳግ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ከጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። በመለስኩት ሸክላ ሁለተኛ ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጥልቅ ጭረት መገኘቱን፣ ጭረቱ ቀድሞ የነበረ ስለመሆኑ የሚያስረዳ ካርድ በእጃችሁ እንደሌለ፣ ስለዚህም ጭረቱ በእኔ እንደደረሰ አምኜ እንድፈርም ይጠይቃል። ማህተምም አለው። ካርዱ ወዴት እንደሄደ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ይልቅ ማስረጃ አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ለክላይቭ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ለወራት አይቼው በማላውቅ ፊት ቀና ብሎ «ለካ አንቺ ነሽ! እስኪጫር ድረስ ሰማሽው? ሦስተኛውን?» አለኝ። የአባባ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን እየሳቀ ነበር፤ ሳል እስኪያጣድፈው፣ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ሳቀ። እኔ ያን ሸክላ በ1974 አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም። «አዎ፣ ሦስተኛውን» አልኩት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሲለኝ «አፍሬ» አልኩ። አመነኝ፤ ማህተም አለበታ። የፈረምኩት ቅጽ ከዚህ ጋር ተያይዟል። አባቴ የጻፈውን እውነት መፍጨት ከቻላችሁ ይህንም መፍጨት አያቅታችሁም፤ ግን ክላይቭ እስኪያልፍ ድረስ አቆዩልኝ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ወንድሜ ያመነኝ ይህችን ብቻ ነው።